ታብሌት ላይ ጽሑፍ ይታረማል፣ ገጽ አይሠራም

መብራት ሲሄድ ዴስክቶፑ ከነሥራው ቀጥ ይላል፤ ታብሌቱ ግን ባትሪው እስካለ ድረስ ይሠራል። ጅማ ላይ ታብሌት የቢሮ ዕቃ የሆነበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። የማኅበር ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ይዞት ይዞራል፣ ተመራቂው ተማሪ አማካሪው የሰጡትን እርማት በእረፍት ሰዓቱ ያስገባል፣ የጤና ባለሙያው ወርሃዊ ሪፖርቱን ካለበት ሆኖ ያስተካክላል። ይህ ሁሉ በደንብ ይቻላል። ሰነዱ ኮፒ ቤት ሲደርስ ግን ሠንጠረዡ ተሰብሮ፣ ቀኑና ቁጥሩ ከቦታቸው ሸሽተው፣ 12 ገጽ የነበረው 14 ሆኖ ይገኛል። ይህ የሚደርሰው ቃል እንዲያርም የተገዛው ዕቃ ገጽ እንዲያሰናዳ ሲጠየቅ ነው። ሁለቱን ሥራ ከለያያችሁ ታብሌት አያሳፍራችሁም።

ከሁሉ በፊት ፋይሉ የት እንዳለ እንወቅ፤ ከፎንት ችግር በላይ ሥራ የሚያስጠፋው ይህ ነው። አብዛኛው ደብዳቤና ሪፖርት የሚመጣው በቴሌግራም ነው። ፋይሉን እዚያው ነካ ስታደርጉት ወርድ ወይም ደብልዩ ፒ ኤስ ይከፍተዋል፤ የተከፈተው ግን ቴሌግራም ለራሱ ያስቀመጠው ቅጂ ነው። ወርድ እዚያ ቦታ ላይ መጻፍ ስለማይፈቀድለት ከላይ «ሪድ ኦንሊ» ይልና ሌላ ቅጂ እንድታስቀምጡ ይጠይቃል። አንዳንዱ ፕሮግራም ደግሞ ምንም ሳይል ያሳርማችኋል፣ ሴቭ ሲባል አዲሱን ቅጂ በራሱ ፎልደር ውስጥ ይደብቀዋል። ከዚያ ሰው ወደ ቴሌግራም ተመልሶ እርማት የሌለበትን የድሮውን ፋይል ለኃላፊው ያስተላልፋል። «አርሜ ልኬያለሁ» እና «ምንም አልታረመም» የሚባባሉ ሰዎች ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቴሌግራም ላይ ከፋይሉ አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ «ሴቭ ቱ ዳውንሎድስ» በሉ። ከዚያ በታብሌቱ የፋይል መክፈቻ ገብታችሁ ፋይሉን ከዳውንሎድ አውጥታችሁ «ሥራ» ብላችሁ ወደ ሰየማችሁት አንድ ፎልደር አዛውሩት። ስሙንም ያኔውኑ ቀይሩት። «ሪፖርት የመጨረሻ» እና «የመጨረሻ አዲስ» የሚሉ ስሞች ከሳምንት በኋላ ምንም አይነግሯችሁም፤ 2018-02-05 ብላችሁ ከዓመት ጀምራችሁ ቀኑን ከፊት ብትጽፉ ፋይሎቹ በራሳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። በፋይል ስም ውስጥ ህዝባር (/) አይገባም፣ ስለዚህ ቀኑን በሰረዝ ለዩት። ፋይሉን ከወርድ ውስጥ ሆናችሁ ክፈቱት፤ ስትልኩም ቴሌግራም ላይ «ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ከዚያው ፎልደር ራሳችሁ አንሡት። ከፋይሉ ስም ሥር የሚታየው ሰዓት እርማቱን የጨረሳችሁበት መሆኑን ሳታዩ አትላኩ።

ፕሮግራም ስትመርጡ መጀመሪያ የስክሪኑን መጠን እዩ። የማይክሮሶፍት ወርድ፣ ኤክሴልና ፓወርፖይንት የሞባይል ፕሮግራሞች እስከ 10.1 ኢንች ባለው ስክሪን ላይ መሠረታዊውን እርማት በነፃ ይፈቅዳሉ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ማንበብ እንጂ ማረም ያለ ክፍያ አይቻልም። ታብሌት ሲገዛ ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ሳምሰንግ ታብ ኤ 9 ስክሪኑ 8.7 ኢንች ስለሆነ ነፃው ይሠራበታል፤ ታብ ኤ 8 ግን 10.5፣ ታብ ኤ 9 ፕላስ ደግሞ 11 ኢንች ነው፣ ሁለቱም ከመስመሩ ያልፋሉ። 10.2 ኢንቹ አይፓድም እንዲሁ። ትልቁን ታብሌት ለገዛ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል፦ በስልኩ ላይ ያለ ምንም ክፍያ የሚያርመውን ፋይል ታብሌቱ «ክፈል» ይለዋል። በትንሹ ስክሪንም ቢሆን አንዳንድ ሥራ ለከፋይ የተተወ ነው፤ ሴክሽን ብሬክ (የሰነዱ ክፍል መለያ) ማስገባትና ገጽን በዓምድ መክፈል የመሳሰሉት።

ትልቅ ስክሪን ላላችሁ ሁለት ጥሩ ነፃ አማራጭ አለ። ጉግል ዶክስ የወርድን ፋይል ሳይቀይር እንዳለ ከፍቶ ያርማል፤ «እንደ ጉግል ዶክስ ሴቭ አድርግ» ካላችሁት ግን ወደ ራሱ ዓይነት ይለውጠውና ተመልሶ ወርድ ሲሆን የሠንጠረዥ ስፋትና የራስጌ ጽሑፍ ሊዛባ ይችላል። ሁለተኛው ኮላቦራ ኦፊስ ነው፤ በሊብሬ ኦፊስ ላይ የተሠራ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ ማስታወቂያ የለውም። ደብልዩ ፒ ኤስ ፈጣን ነው፣ ሰውም ለምዶታል፤ ነገር ግን ማስታወቂያው ዳታ ይበላል፣ ሥራ መሐልም ይገባል። ለወርድ ፋይል የእኔ ምርጫ ስክሪኑ ከፈቀደ ራሱ ወርድ፣ ካልፈቀደ ኮላቦራ ነው። የድሮው ዓይነት የወርድ ፋይል፣ የስሙ መጨረሻ ላይ ኤክስ የሌለው (docx ሳይሆን doc) ማለት ነው፣ ወርድ ላይ ብዙ ጊዜ ለንባብ ብቻ ይከፈታል፤ ወደ አዲሱ ዓይነት ቀይራችሁ ሴቭ ካላደረጋችሁት አይታረምም።

አሁን ወደ ፎንት። ለአማርኛ ጸሐፊ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና የቀድሞው ፓወር ግዕዝ ያሉት ፎንቶች የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ እየሳሉ ነበር የሚሠሩት። በእነሱ የተጻፈ መመሪያ ወይም የሥራ ዝርዝር ዛሬም በየቢሮው ፍላሽ ውስጥ አለ። ታብሌት ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ነገር ይወጣል። ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም፤ ፎንት ብትቀያይሩም አይስተካከልም፣ ምክንያቱም ውስጡ የተጻፈው የእውነት ላቲን ነው። ያ ፎንት ያለበት ኮምፒዩተር ላይ ወስዳችሁ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዞር ብቻ ነው ያለው። ከሁሉ የሚከፋው እንዲህ ባለው ፋይል ውስጥ በታብሌት ጥቂት የአማርኛ ቃላት መጨመር ነው፦ ግማሹ በአንድ ሥርዓት፣ ግማሹ በሌላው ይሆንና መለወጫውም ያበላሸዋል።

በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ ደግሞ በየትኛውም ታብሌት ይነበባል፤ የሚቀየረው መልኩ ነው። ዊንዶውስ ላይ ብዙ ሰው የሚጽፈው በኒያላ ነው። አንድሮይድ ኒያላ የለውም፣ በምትኩ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ያሳያል፤ አይፓድ ከፋን ይጠቀማል። ኖቶ ሰፋ ያለ፣ የመስመር ከፍታውም የሚበልጥ ፎንት ነው። ኒያላ ላይ ልክ በአንድ መስመር ያለቀ ርዕስ ኖቶ ላይ ወደ ሁለተኛ መስመር ይወርዳል፣ በሠንጠረዥ ውስጥ «ጠቅላላ ድምር» የሚለው ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ገጽ 3 ላይ ያለው ፊርማ ገጽ 4 ላይ ብቻውን ይቀራል። ሰው ይህን አይቶ ሊያስተካክል ይነሳል፤ የፊደሉን መጠን ከ12 ወደ 11 ያወርዳል፣ ባዶ መስመር ያጠፋል፣ የሠንጠረዡን ዓምድ ያጠባል። ፋይሉ ወደ ኮምፒዩተር ሲመለስ ፎንቱ ተመልሶ ኒያላ ይሆንና ያ ሁሉ «ማስተካከያ» አሁን ራሱ ጥፋት ይሆናል። ስለዚህ ታብሌት ላይ ያያችሁት የገጽ አቆራረጥ አይታመን። የፎንቱ ስም ሳጥን ውስጥ ኒያላ የሚል ከሆነ እንዳለ ተዉት፤ ፊደሉ ሌላ መስሎ ቢታያችሁም ፋይሉ ውስጥ የተመዘገበው ኒያላ ነው። ቃሉን አርሙ፣ ገጹን አትንኩ።

ገጹ ሲበላሽ ደግሞ ከፎንቱ ይልቅ አጻጻፉ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤን ራስጌ እዩ፦ «ቁጥር» እና «ቀን» በቀኝ በኩል አንዱ ከሌላው ሥር ይቀመጣሉ። አብዛኛው ሰው እዚያ የሚያደርሳቸው ስፔስ ሠላሳ አርባ ጊዜ እየመታ ነው። የስፔሱ ስፋት ከፎንት ፎንት ስለሚለያይ ታብሌት ላይ «ቀን» ከ«ቁጥር» ሥር ሸሽቶ መሐል ሜዳ ላይ ይቆማል። ኮምፒዩተር ላይ አንድ ጊዜ ሁለት ዓምድ ያለው መስመሩ የማይታይ ሠንጠረዥ ሠርታችሁ ሁለቱን በቀኙ ሳጥን ውስጥ ካስገባችኋቸው በማንኛውም ዕቃ ላይ አይንቀሳቀሱም። ለአዲስ ገጽም ኢንተር እየደጋገሙ መውረድ ይቅር፤ «ፔጅ ብሬክ» የሚለው ትእዛዝ «ኢንሰርት» ውስጥ ታብሌቱም ላይ አለ።

የወረቀት መጠንንም ከመጀመሪያው እዩ። የታብሌቱ ቋንቋ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ሲሆን አዲስ ሰነድ «ሌተር» በሚባለው መጠን ሊከፈት ይችላል፤ እሱ በ21.59 በ27.94 ሴንቲ ሜትር ነው። እኛ የምናትምበት ኤ 4 በ21 በ29.7 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን በአንድ ገጽ ቁመት ላይ ወደ 1.8 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ሁለት ሦስት መስመር ማለት ነው። «ሌይአውት» ውስጥ «ሳይዝ» ብላችሁ ኤ 4 አድርጉት፣ መጻፍ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ኪቦርድ። ለአጭር እርማት የስክሪኑ ጂቦርድ (የጉግል ኪቦርድ) አማርኛ ይበቃል። ለረጅም ጽሑፍ ኪማን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑና የአማርኛውን ገበታ ጨምሩበት፤ የቃሉን ድምፅ በላቲን ፊደል እየጻፋችሁ ግዕዙን ያወጣላችኋል። የብሉቱዝ ኪቦርድ ለመግዛት ያሰበ ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ አይፓድ ላይ ከውጭ የሚጫኑ የኪቦርድ ፕሮግራሞች ከሚዳሰሰው ኪቦርድ ጋር አይሠሩም። አንድሮይድ ላይም ብዙዎቹ ለስክሪን ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ ኪቦርዱን ስታያይዙ ላቲን ብቻ ሊወጣ ይችላል። ሱቁ ውስጥ ከታብሌታችሁ ጋር አያይዛችሁ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሳትጽፉ ብር አትክፈሉ።

አራት ነጥብን የሚመለከት ነገር አለ፤ ትንሽ ይመስላል ግን ሰነድ ያበላሻል። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ አራት ነጥብ ያስመስላል። ለዓይን አንድ ነው፣ ለፕሮግራሙ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው፤ አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይገኝም፣ ከታተመም በኋላ ክፍተቱ ይለያል። ሦስት ሰው ያረመው ሪፖርት ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ተደባልቆ ይገኛል። ወርድ ላይ የማጉሊያውን ምልክት ነክታችሁ፣ በቅንብሩ ውስጥ «ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» መርጣችሁ፣ ከላይ ሁለቱን ሁለት ነጥብ፣ ከታች እውነተኛውን አራት ነጥብ አስገቡና «ኦል» በሉ። መቶ ቦታ ቢኖር በአንድ ጊዜ ይጸዳል።

ጅማ ላይ የሚጻፍ ሰነድ ብዙ ጊዜ ሁለት ቋንቋ አለው፦ ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞ፣ አባሪው በአማርኛ፣ ወይም ሁለቱ በአንድ ገጽ። እዚህ ላይ ጠላት የሚሆነው የእንግሊዝኛው ራስ አራሚ ነው። የቁቤ ቃላትን ስህተት እየመሰለው ይቀይራል፣ የተደጋገሙ አናባቢዎችን ያሳጥራል፤ አንድ አናባቢ ሲቀር ደግሞ ትርጉሙ ሌላ ይሆናል። በታብሌቱ የኪቦርድ ቅንብር ውስጥ «ኦቶ ኮሬክሽን» የሚለውን ዝጉት፣ ወይም አፋን ኦሮሞን እንደ አንድ የኪቦርድ ቋንቋ ጨምሩና በእሱ ጻፉ። ሁዳው (በቁቤ ቃል መሐል የሚገባው የጭረት ምልክት) ላይም ተጠንቀቁ፦ አንዱ ኪቦርድ ቀጥ ያለውን ጭረት ይጽፋል፣ የሌላው ወርድ ውስጥ ወደ ጠመዝማዛው ይለወጣል። ስም ዝርዝር ውስጥ ሁለቱ ከተደባለቁ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።

ወደ ኤክሴል ስንመጣ ታብሌት ለመመዝገብ ጥሩ ነው፣ የሚበላሸው የምትመዘግቡበት ዓምድ ቀድሞ ካልተዘጋጀ ነው። ለምሳሌ እሸት ቡና የሚረከብ ማኅበር መዝገብን ውሰዱ፦ ቀን፣ ስም፣ ኪሎ፣ ዋጋ፣ ክፍያ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። እያንዳንዱ የራሱ ወጥመድ አለው።

ቀኑ ከሁሉ ይከፋል። ኤክሴል የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ታብሌቱ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ላይ ከሆነ 05/02/2018 ብላችሁ ጥቅምት 5 ስትጽፉ እሱ ሜይ 2 ብሎ ይይዘዋል። 13/02/2018 ስትጽፉ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ስለማያውቅ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። አንዱ ዓምድ ውስጥ ከ1 እስከ 12 ያሉት ቀኖች የፈረንጅ ቀን፣ ከ13 እስከ 30 ያሉት ጽሑፍ ይሆናሉ ማለት ነው። ምልክቱን በዓይን ታውቁታላችሁ፦ ቀን ብሎ የያዘውን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ያለውን ወደ ግራ ያስጠጋዋል። በቀን ቅደም ተከተል ደርድር ስትሉት ወሩ ይተራመሳል። ስለዚህ መጻፍ ሳትጀምሩ የዓምዱን ራስ ነክታችሁ ሙሉውን ምረጡ፣ «ሆም» ውስጥ «ነምበር ፎርማት» ገብታችሁ «ቴክስት» በሉት፣ ከዚያ ሁልጊዜ ከዓመት ጀምራችሁ 2018-02-05 እያላችሁ ጻፉ። ጽሑፍ ቢሆንም በትክክል ይደረደራል፣ ጳጉሜንም 13 ብሎ ያለ ችግር ይቀበላል። ቀድሞ የተበላሸን ዓምድ ግን በኋላ ቴክስት ብትሉት የቀን ሳይሆን ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር ያወጣላችኋል፤ እንደገና መጻፍ ነው።

የሒሳብ ቁጥሩም ዓምድ እንዲሁ ቴክስት ይሁን። የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር 13 አኃዝ ነው፤ ኤክሴል ደግሞ ከ11 አኃዝ በላይ የሆነን ቁጥር ካልተነገረው በስተቀር አሳጥሮ በኢ ፊደል ይጽፈዋል። ዓምዱን ብታሰፉትም አይመለስም። የስልክ ቁጥር የመጀመሪያዋ ዜሮ የምትጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኪሎና ዋጋ ግን በተቃራኒው ንጹሕ ቁጥር መሆን አለባቸው። ሴሉ ውስጥ «450 ብር» ብላችሁ ከጻፋችሁ ጽሑፍ ሆኗል፤ ድምሩ ውስጥ አይገባም፣ ስህተት አለ ብሎም አይነግራችሁም፣ ዝም ብሎ ያሳንሳል። «ብር» የሚለው የዓምዱ ርዕስ ላይ አንዴ ይጻፍ። በግዕዝ አኃዝ የተጻፈም እንዲሁ አይደመርም። በፈረሱላ ለሚቆጥር ሰው ሌላ ዓምድ ከፍታችሁ ኪሎውን ለ17 የሚያካፍል ቀመር አስገቡ፤ ራሳችሁ አስልታችሁ አትጻፉ፣ ኪሎው ሲታረም ፈረሱላው ሳይታረም ይቀራል።

የስም ዓምድ ላይ አንድ አጻጻፍ ተስማምታችሁ ያዙ። ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ ለኤክሴል ሦስት ሰው ናቸው፤ ሲደረደሩም ሦስት ቦታ ይሄዳሉ። የመጀመሪያውን ረድፍ ደግሞ «ቪው» ውስጥ ገብታችሁ «ፍሪዝ» አድርጉት፤ 10 ኢንች ስክሪን ላይ ሃምሳኛው ረድፍ ላይ ስትደርሱ የትኛው ኪሎ፣ የትኛው ዋጋ እንደሆነ የሚነግራችሁ ሌላ ነገር የለም። ክረምት ላይ ጣት እርጥብ ሲሆን ስክሪኑ ያልተነካውን ይነካል፤ መዝጋቢው ማድረቂያ ጨርቅ ይያዝ።

ለኮምፒዩተር የሚተዉ ሥራዎች አሉ፣ እነሱን ታብሌት ላይ መሞከር ጊዜ ማጥፋት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ማውጫን ማደስ ለኮምፒዩተር ይተው፤ የገጽ ቁጥሩን በእጅ ብታርሙት ኮምፒዩተሩ ሲያድሰው የጻፋችሁት ይጠፋል። በዞቴሮ ወይም በሜንደሊ (የማጣቀሻ ማደራጃ ፕሮግራሞች) የገቡ ማጣቀሻዎችን አትንኳቸው፣ ሰነዱንም ወደ ጉግል ዶክስ ዓይነት አትለውጡት፤ ማጣቀሻው ከፕሮግራሙ ጋር ያለው ግንኙነት ይቆረጥና ተራ ጽሑፍ ይሆናል። ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚፈጽም የትእዛዝ ስብስብ) ያለው የኤክሴል ፋይልም ታብሌት ላይ ይከፈታል እንጂ ማክሮው አይሠራም።

ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ ለምታስቀምጡ፦ ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋ፣ ዋን ድራይቭ 5 ጊጋ በነፃ ይሰጣሉ፣ ለሰነድ በቂ ነው። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚጠፋ የምትሠሩበትን ፋይል ቀድማችሁ «አቬይለብል ኦፍላይን» በሉት። ኔትወርክ በሌለበት ሁለት ሰው አንዱን ፋይል ካረመ መስመሩ ሲመለስ ሁለት ቅጂ ይወጣል፤ ማን እንደያዘው ተነጋገሩ። የታብሌቱ ራም 3 ወይም 4 ጊጋ ከሆነ ደግሞ ወደ ሌላ ፕሮግራም ከመዝለላችሁ በፊት ሴቭ አድርጉ፣ አንድሮይድ ቦታ ሲያንሰው ከጀርባ ያለውን ይዘጋዋል።

ሊታተም ሲሆን ወርዱን ብቻ ይዛችሁ ኮፒ ቤት አትሂዱ። ገጹ ኮምፒዩተር ላይ ከታየ በኋላ ፒዲኤፍ ይሁን፤ ፎንቱ ውስጡ ስለሚገባ የኮፒ ቤቱ ማሽን ምን ፎንት እንዳለው አያሳስባችሁም። ኮምፒዩተር ከሌለና አጭር ደብዳቤ ከሆነ ታብሌቱ ላይ «ፕሪንት» ብላችሁ ማተሚያውን በመምረጥ ፈንታ «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ» በሉ፣ የወጣውን ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡት፣ ፊርማው የት እንዳረፈ እዩ። ፍላሹ አንድሮይድ እንዲያነበው በኤን ቲ ኤፍ ኤስ (የዊንዶውስ የፋይል አደራደር) ያልተዘጋጀ ይሁን። አታሚውንም «አክችዋል ሳይዝ» ላይ አድርግልኝ በሉት፤ «ፊት» (Fit) ላይ ከሆነ ገጹን ያሳንሰዋል፣ በመሥሪያ ቤቱ አርማ ባለው ወረቀት ላይ ስታሳትሙ ጽሑፉ ከአርማው ጋር አይገጥምም።